ድድና ጤና በገራዶ፤ ስለ መፋቂያና ስለ ውቅራት የቀረበ የታሪክ ጥናት

ከደሴ ከተማ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ በተራሮች መካከል ተዘርግቶ የሚያገኘው ሜዳ ገራዶ ይባላል። በገበያ ቀን ጧት ከዚያ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወጣውን ሰው ልብ ብሎ የተመለከተ ሁለት ነገር ሳያይ አይቀርም። አንደኛው ወንዱም ሴቱም እየሄደ በአፉ የሚያመላልሰው መፋቂያ ነው። ሁለተኛው በዕድሜ የገፉት እናቶች ሲሥቁ ከነጩ ጥርሳቸው በላይ ብቅ የሚለው የጠቈረ ድድ ነው፤ ይኸውም ውቅራት የሚባለው ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ስለ ውበትና ስለ ልማድ ሲነገር ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው በሌላ ወገን ነው። የድድ ጤና ከመላው ሰውነት ጤና ጋር ምን ግንኙነት አለው የሚለውን ጥያቄ ያገራችን ሰው በልማዱ እንዴት እንደ መለሰው፥ የውጭ አገር ሐኪሞችም በበኩላቸው እንዴት እንደ መለሱት ለማነጻጸር እንሞክራለን።

የምንደርስበትን አስቀድመን ብንናገር ለአንባቢ ይቀላል። ገራዶ ስለ ድድ ሁለት ዐይነት መልስ ነበራት። አንዱ መልስ ማጽዳት ሲሆን ሁለተኛው መሸፈን ነው። የሚያጸዳው መፋቂያ እንደ ተራ ነገር ተቈጥሮ በመንገድ ላይ ሲጣል፥ የሚሸፍነው ውቅራት ግን እንደ መድኃኒትም እንደ ጌጥም ተከብሮ ኖረ። የዘመናችን ዕውቀት እንደሚያስረዳን ጤናን የጠበቀው የተናቀው ነው። ይህንንም ስንል ባላገሩን ለመውቀስ አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደምናየው የሠለጠነው ዓለም ሐኪሞችም በዚሁ መንገድ ተሳስተው ነበርና።

፩. ስለ ድድ ባሕርይ

ጤነኛ ድድ ሲነኩት አይደማም። ጥርስን ዙሪያውን እንደ አንገትጌ አቅፎ ይይዘዋል፤ ከሥሩ ያለው አጥንትም ጥርሱን ይሸከማል። ጥርስና ድድ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን የሚኖሩበት ለስላሳ ሽፋን በየቀኑ ይጋገራል። ይህ ሽፋን በጊዜው ካልተፋቀ ድዱ ይቈጣል፤ ያብጣል፤ ሲነኩትም ይደማል። ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ነገሩ በዚህ ደረጃ ሳለ ከታወቀ በማጽዳት ብቻ ይመለሳል። ሳይታወቅ ከቈየ ግን በብዙ ሰው ላይ ቍጣው ወደ ውስጥ ይዘልቅና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል። ድዱ ከጥርሱ ይላቀቃል፤ በመካከሉም መግል የሚቋጥር ኪስ ይፈጠራል። በመጨረሻም ጥርሱ ትል ሳይበላው ይነቃነቅና ይወልቃል።

ይህ ነገር በግልጽ ከተረጋገጠባቸው ሙከራዎች አንዱ እንደ እኛ ባሉ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ነው። በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ ሃራልድ ሎ የተባለው የጥርስ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ ተደርገው ነበር። አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። በ3 ሳምንት ጊዜ ውስጥ ድዳቸው ያልተቈጣ ሰው አልተገኘም። ማጽዳቱን እንደ ገና በጀመሩ ጊዜ ግን በ1 ሳምንት ገደማ ድዳቸው ወደ ጤንነቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የድድ መድማት የዕድሜ ወይም የደም ብዛት ነገር ነው ማለት ቀረ፤ ያልተፋቀ ቈሻሻ ምልክት መሆኑ ታወቀ።

በሽታው ምን ያህል የተስፋፋ መሆኑን ለማወቅ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣውን ዘገባ መመልከት ይበቃል። እንደ ዘገባው ግምት አጥንት እስከ መብላት የደረሰው ከባድ የድድ በሽታ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎችን ይዟል። ይህን ያህል ሰው የያዘ በሽታ ዝም ተብሎ የሚታለፈው ስለማያሳምም ነው።

፪. ስለ መፋቂያ

በወሎ መፋቂያ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች የጋራ ንብረት ነው። ክርስቲያኑ ጧት ከቤቱ ሲወጣ ከአጥር ጥግ የቈረጣትን የወይራ ወይም የክትክታ ቅርንጫፍ እያኘከ ይሄዳል። እስላሙ ደግሞ ሲዋክ ብሎ ከሶላት በፊት አፉን ያጸዳበታል። በእስልምና ትምህርት ነቢዩ በሕዝባቸው ላይ ሸክም እንዳይሆንባቸው ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ያዝዙት እንደ ነበር ይነገራል። ስለዚህ በወሎ ምድር አፍን ማጽዳት የንጽሕና ደንብ ብቻ አይደለም፤ ለአምልኮ ከመቅረብ ጋር የተያያዘ ሥርዐትም ነው። በቀን 5 ጊዜ የሚሰግድ ሰው ይህን ሥርዐት ቢጠብቅ ድዱን ምን ያህል ጊዜ እንደሚጐበኘው ማሰብ አያስቸግርም።

የመፋቂያው አሠራር ቀላል ነው። ጫፉ ሲታኘክ እንጨቱ ይፈታና እንደ ብሩሽ ጭራ ይሆናል፤ በዚያም ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ይፋቃል። በተማረው ሰው ዘንድ ግን መፋቂያ ለረጅም ጊዜ የኋላ ቀርነት ምልክት ሆኖ ታይቷል። ከተማ ገብቶ የጥርስ ብሩሽ የገዛ ልጅ በአባቱ መፋቂያ ሲያፍር የታየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ ኀፍረት መሠረት ያልነበረው መሆኑን ያስረዳው በአገራችን ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ኦልሶን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ የኢትዮጵያን መፋቂያ በትምህርት ቤት ልጆች ዘንድ ከጥርስ ብሩሽ ጋር አነጻጽሮ፥ አጠቃቀሙን ካስተማሯቸው መፋቂያው ቈሻሻን በማስወገድ ከብሩሹ የማያንስ መሆኑን ገልጿል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያን መጠቀም እንዲበረታታ መክሯል።

ይሁን እንጂ ማጋነን አይገባም። «አጠቃቀሙን ካስተማሯቸው» የሚለው ቃል ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። ሰው መፋቂያውን የሚያመላልሰው አብዛኛውን ጊዜ በሚታዩት በፊት ጥርሶቹ ላይ ነው። በምላስ በኩል ያለው ገጽ፥ የመንጋጋው ጥርስ ጀርባና በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ቦታ ሳይነካ ይውላል፤ የድድ በሽታ የሚጀምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው ነው። ጫፉ በደንብ ሳይታኘክ በደረቅ እንጨት አግድም የሚፍቅ ሰውም ድዱን ገፍቶ የጥርሱን ሥር ያራቁታል። ስለዚህ የመፋቂያው ጉድለት በዕቃው ላይ ሳይሆን በአያያዙ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

፫. ስለ ውቅራት

ያገራችን የመድኃኒት መጻሕፍት የጥርስን ሕመም አልዘነጉም። ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው የፖላንድ ተወላጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ባሳተማቸው የኢትዮጵያ የመድኃኒት ጽሑፎች ውስጥ ለልዩ ልዩ ደዌ የሚታዘዙ ሥራ ሥሮችና ቅጠሎች ተዘርዝረው ይገኛሉ። ድድን በሚመለከት ግን በቤተ ክህነት ሰዎች እጅ ካለው መጽሐፍ ይልቅ በሴቶች እጅ የነበረው ጥበብ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል። ይህም ጥበብ ውቅራት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከድስት ቂጥ ወይም ከኩራዝ የተወሰደ ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወሳል። ወቃሪዋ በአንድነት የታሰሩ መርፌዎችን ወይም እሾኾችን እየነከረች የልጅቱን ድድ ደም እስኪወጣው ድረስ ትወጋዋለች። ጥላሸቱም በቁስሉ ውስጥ ይቀራል። ድዱ ለብዙ ቀን ያብጣል፤ ልጅቱም በርበሬ ያለበት ወጥ መብላት አትችልም። ሲሽር ግን ድዱ ጠቍሮ ይቀራል፤ ጥርሱም በዚያ ላይ ነጭነቱ ይጐላል። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1846 በትግራይ ተቀምጦ በ1853 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የሴቶቹ ድድ ሳይቀር ተወግቶ ጥቍር ሰማያዊ እንደሚሆን ጽፏል። ስለዚህ ልማዱ የወሎ ብቻ አይደለም፤ በሴኔጋልና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የታወቀ ነው።

ውቅራት ግን ለውበት ብቻ የሚደረግ አልነበረም። የሚደማ ድድ ሲወቀር ይጠነክራል፤ ደሙም ይቆማል የሚል እምነት ነበር። በገራዶ ያነጋገርናቸው አንዲት እናት ይህንኑ አረጋግጠውልናል። «እማማ፥ ለምን ተወቀሩ?» ብለን ብንጠይቃቸው ሣቁብን።

«ኧረ ልጆቼ፥ በእኛ ጊዜ ያልተወቀረች ልጅ ማን ዞሮ ያያታል! ደግሞም ድዴ ይደማ ነበር። እናቴ ይጠነክርልሻል ብላ አስወቀረችኝ።»

«ታዲያ ጠነከረ?»

«ጠነከረ እንጂ። ከዚያ ወዲያ ቀይ ነገር አይቼበት አላውቅም።»

«ጥርስዎስ እንዴት ነው?»

«ጥርሴማ ትልም ሳይበላው፥ ሳያመኝም፥ አንድ በአንድ እየተነቃነቀ ሄደ። ዕድሜ ነዋ!»

ይህን መልስ ስንሰማ የጥያቄያችን መፍቻ በውስጡ እንዳለ ተረዳን። በርግጥ በአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ፍርድ መስጠት አይገባም። ነገር ግን የተናገሩት ነገር በፊተኛው ክፍል ስለ በሽታው አካሄድ ከገለጽነው ጋር ፍጹም ይስማማል። ትል ያልበላው ጥርስ ሳያምም ተነቃንቆ የሚወልቀው ከሥሩ ያለው አጥንት ሲያልቅ ነው። ጥላሸት ደግሞ ተሐዋስያንን አይገድልም፤ የተጋገረውንም ሽፋን አያነሣም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የመቈጣት ምልክት የሆነውን ቅላት ከዐይን መሰወር ነው። እናቲቱ «ቀይ ነገር አላየሁም» ማለታቸው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ያላዩት በሽታው ስለ ዳነ ላይሆን ይችላል። ምስክሩ አፉን ተሸፍኖ ሊሆን ይችላልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የውጭ አገር የሕክምና መጻሕፍት የጤነኛ ድድ መልክ ሐምራዊ ነው ብለው የጻፉት በአብዛኛው የራሳቸውን ሕዝብ አይተው ነው። በእኛ አገር ግን ሳይወቀር በተፈጥሮው ጠይም ወይም ጥቁር የሆነ ድድ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ይህም ፍጹም ጤና ነው። እንግዲህ ለእኛ ሰው መልክን ተመልክቶ መፍረድ አስተማማኝ አይሆንም። አስተማማኙ ምልክት ደም ነው።

ልማዱ ለምን ይህን ያህል ጸና ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። ደሴ ከኢጣልያ ወረራ በፊት ሆስፒታል የነበራት ከተማ ናት። የኢጣልያ አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን በቦምብ ሲደበድቡ ጉዳት ከደረሰባቸው ሕንጻዎች አንዱ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ያቋቋሙት ሆስፒታል እንደ ነበረ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሐኪም ቤት በነበረበትም ዘመን ድድ የሐኪም ቤት ጉዳይ አልሆነም፤ የጓዳ ጉዳይ ሆኖ ቈየ። በጓዳ ያለችው ሐኪም ደግሞ ወቃሪዋ ነበረች። ዛሬ ውቅራት በወጣት ሴቶች ዘንድ እየቀረ ነው። ባለበት ቦታ ግን አንዱ መርፌ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ ሲሸጋገር የጉበት በሽታንና ኤችአይቪን የመሰለ በደም የሚተላለፍ ደዌ ሊያጋባ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

፬. በውጭ አገር የሆነው

በመሸፈን የተሳሳተችው ገራዶ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይህን ጥናት እዚህ ላይ ባበቃን ነበር። ነገር ግን የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። እነሱ የተሳሳቱት በመሸፈን ሳይሆን በመንቀል ነው።

ዊልያም ሐንተር የተባለው የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1910 በካናዳ በሚገኘው በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፥ በወርቅ በተሸፈኑ ጥርሶች ሥር የተደበቀው መግል የብዙ በሽታዎች ምንጭ መሆኑን አስረዳ። አሳቡ በመሠረቱ ትክክለኛ ጎን ነበረው፤ አፍ ከሰውነት የተለየ አገር አይደለም ማለቱ ነውና። ተከታዮቹ ግን ከልክ አለፉ። የመገጣጠሚያ ሕመም፥ የሆድ ሕመም፥ የአእምሮ ሕመም ሳይቀር ከጥርስ የመጣ ነው እየተባለ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ጥርሳቸውን ተነቀሉ። በአሜሪካ በትሬንተን ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አለቃ የነበረው ሄንሪ ኮተን የሕሙማኑን ጥርስ በጅምላ ማስነቀሉ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ለማስጠንቀቂያ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሲልና አንጀቫይን የተባሉ ሐኪሞች 200 የመገጣጠሚያ ሕሙማንን መርምረው ጥርስን መንቀል ለሕመማቸው ያስገኘው ጥቅም የሌለ መሆኑን ከገለጹ በኋላ አሳቡ እየተዳከመ ሄደ።

ከዚህም የተነሣ ሐኪሞች ወደ ሌላው ጫፍ ዞሩ። አፍ ለጥርስ ሐኪም ብቻ ተተወ፤ የቀረው ሰውነት ለሌላው ሐኪም ሆነ። ይህ መለያየት ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ1989 የፊንላንድ ተመራማሪዎች የልብ ድካም ድንገት የጣላቸውን ሰዎች አፍ ከሌሎች ሰዎች አፍ ጋር አነጻጽረው የታማሚዎቹ የባሰ መሆኑን ባሳተሙ ጊዜ ጥያቄው እንደ ገና ተነሣ።

ዛሬ የተደረሰበት ዕውቀት በሦስት ተከፍሎ ቢታይ ይሻላል።

አንደኛው የተረጋገጠው ነው። የስኳር በሽታና የድድ በሽታ እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ። ስኳሩ ያልተገራ ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ ድዱ የታመመ ሰውም ስኳሩን ለመግራት ይቸገራል። ድዱ ሲታከም የ3 ወር የስኳር መጠን መለኪያው በመጠኑ ዝቅ ማለቱ በብዙ ሙከራ ታይቷል፤ ቅናሹ ከግማሽ በመቶ ያነሰ ቢሆንም የተናቀ አይደለም። እንዲሁም ከቈሰለ ድድ የተነሡ ተሐዋስያን ወደ ደም ገብተው አስቀድሞ በተጐዳ የልብ በር ላይ ሊሰፍሩና ሊገድሉ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። በጕረሮ ቁስል ጀምሮ የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ባገራችን ወጣቶች ላይ ብዙ ስለሆነ ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሁለተኛው በከፊል የታወቀው ነው። የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች የልብና የደም ሥር በሽታ ይበዛባቸዋል። ነገር ግን አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑ ገና አልተረጋገጠም፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ገልጿል። ትምባሆ ማጨስን የመሰለ ነገር ሁለቱንም በሽታዎች ስለሚያመጣ መለየቱ አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው የተጠበቀውን ያህል ያልሆነው ነው። ድዳቸው የታመመ ነፍሰ ጡሮች ያለ ጊዜያቸው እንደሚወልዱ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ተጽፏል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ትልቅ ሙከራ በእርግዝና ጊዜ ድድን ማከም ጕዳት እንደሌለውና ድዱን እንደሚያድን፥ ያለ ጊዜ መውለድን ግን እንዳልቀነሰ አሳየ። ነፍሰ ጡር ድዷን መታከም የሚገባት ለራሷ ጤና ብሎ ነው እንጂ ያልተረጋገጠ ተስፋ በመስጠት አይደለም።

፭. ረኀብና ድድ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥጋብ ጊዜ ነው። ስለ ወሎ የሚጽፍ ሰው ግን ረኀብን ሳይጠቅስ ቢያልፍ ታሪኩን ያጐድላል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ላይ የወረደው መዓት የታወቀ ነው። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ባሳዩ ጊዜ የተማሪው ልብ እንዴት እንደ ተነካ የታሪክ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። በእነዚያ ፎቶግራፎች ላይ ሰው የሚያየው የጐድን አጥንትና የጐደጐደ ዐይን ነው። በአፍ ውስጥ የሚሆነው ግን በፎቶግራፍ አይታይም።

ረኀብ ድድን በሁለት መንገድ ይመታል። አንደኛው ስከርቪ የሚባለው በሽታ ነው። ትኵስ አትክልትና ፍራፍሬ ለወራት ያላገኘ ሰው ቪታሚን ሲ ስለሚጐድለው ድዱ ያብጣል፤ ይደማል፤ መገጣጠሚያውን ያመዋል፤ ካልተረዳም ይሞታል። የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 በመርከበኞች ላይ ባደረገው ሙከራ ብርቱካንና ሎሚ እንደሚያድነው አሳይቷል። ይህ ከሆነ ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ፥ በሶማሊያና በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ስከርቪ በብዛት ታየ። ሰዎቹ ምግብ አልተከለከሉም ነበር፤ እህል፥ ባቄላና ዘይት ይታደላቸው ነበር። የጐደለው ትኵስ ነገር ነው። በጣቢያው የቈዩበት ጊዜ በረዘመ መጠን በሽታውም በዛ። በገራዶ ጓሮ ያለ እፍኝ ጎመንና ጥቂት ቃሪያ የሚያስቀረውን በሽታ በመርከብ የመጣ እህል ሊያስቀረው አልቻለም።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። ኖማ ይባላል። በምግብ እጦት የመነመነና በቅርቡ ኩፍኝ የታመመ ሕፃን ድዱ ይቈስላል። ቁስሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ጉንጭ ተሻግሮ ሥጋንም አጥንትንም ይበላል። ሕክምና ካላገኙት ሕፃናት እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት እንደሚሞቱ የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። በሽታው በአውሮፓም ነበረ፤ ሕዝቡ ጠግቦ መብላት ሲጀምር ጠፋ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በናዚ የእስረኞች ሰፈሮች ውስጥ ተመልሶ ታየ። እንግዲህ ኖማ የድኻ አገር በሽታ ሳይሆን የረኀብ በሽታ ነው። ኩፍኝና ረኀብ በአንድነት በወሎ መጠለያዎች ውስጥ የነበሩ መሆናቸው የታወቀ ስለሆነ በእነዚያ ዓመታት በስንት ሕፃን አፍ ላይ ምን እንደ ደረሰ ማሰብ ያስጨንቃል። የዓለም የጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ የጨመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2023 ነው። የሚያሳዝነው ግን ይህ አስፈሪ በሽታ ገና በሚደማ ድድ ደረጃ ሳለ ከተያዘ አፍን በማጠብ፥ በምግብና በተራ የተሐዋስያን መድኃኒት የሚቆም መሆኑ ነው።

፮. መደምደሚያ

ያገራችን ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል፤ ለወዳጅም ለጠላትም ይሥቃልና። ድድ ግን ዘመድ ነው እንላለን። ሰውነት ሲራብ ይራባል፤ ደም ሲበከል ይበከላል፤ ስኳር ሲበዛ ይቈስላል። የሰውነትን ነገር ከሌላው ብልት አስቀድሞ የሚናገረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ የሚናገርበትም ቋንቋ ደም ነው። ገራዶ ይህን ቋንቋ በጥላሸት ሸፈነችው። የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች በጕጠት ነቀሉት፤ ቀጥሎም ለግማሽ ምእት ዓመት ጆሯቸውን ነፈጉት። ሦስቱም ስሕተት ምስክሩን ከመስማት ይልቅ ዝም ማሰኘት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለተግባር የሚረዳ ነገር ማቅረብ ይገባናል። ወደ የትውልድ ስፍራችን ስንመለስ እናቶቻችንን በውቅራታቸው ማሳፈር አይገባም፤ ጌጥነቱ የዘመናቸው ታሪክ ነው። ልንነግራቸው የሚገባው ድድ ሲደማ ውቅራት እንደማያድነው ብቻ ነው። መፋቂያን በተመለከተ ደግሞ ጫፉ በደንብ ታኝኮ፥ ከውጭም ከምላስም በኩል፥ እስከ መንጋጋ ጥርስ ድረስ ቀስ ተብሎ ከድድ ወደ ጥርስ እንዲፋቅበት ማስተማር ያስፈልጋል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ነፍሰ ጡሮችንና የስኳር ሕሙማንን ሲጐበኙ «ድድዎ ይደማል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ወጪ አይጠይቅም። በሰውነቱ የመነመነ ሕፃን ሲመዘንም አፉ ተከፍቶ ቢታይ ሚዛኑ የማይነግረው ነገር ሊገኝ ይችላል።

በመጨረሻም በገራዶ ያስተዋልነውን አንድ ትንሽ ነገር እንናገር። የወይራ መፋቂያ ሲታኘክ ጫፉ ነጣ ያለ ጭራ ይሆናል። ድዱ የጠቈረ ሰው፥ በተፈጥሮም ይሁን በውቅራት፥ በመስተዋት ተመልክቶ የማያገኘውን ቅላት በዚያ ነጭ ጭራ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ሰው ግን መፋቂያውን ሳያየው ወደ መንገድ ዳር ይጥለዋል። ከመጣሉ በፊት ጫፉን አንድ ጊዜ ቢመለከተው፥ ደምም ካየበት መፋቁን ሳይተው ደጋግሞ ቢያጸዳ፥ በ2 ሳምንት ካልተወው ደግሞ ወደ ሐኪም ቢሄድ፥ እናቶቻችን ዕድሜ ነው እያሉ ያለፉት ነገር ለልጆቻቸው በሽታ ሆኖ በጊዜው ይታወቃል ብለን እናምናለን።